ከደቻቱ አሸዋ እስከ ሐረማያ ሣር፦ የእንቁራሪት መልክ ለምን ይለያያል?

ከድሬዳዋ ተነስቶ በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ ሐረማያ የሚወጣ መንገደኛ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ከ1200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ተነስቶ 2000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ሙቀት በየ1000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚቀንስ በዚህች አጭር መንገድ ብቻ የ5 ዲግሪ ልዩነት ይፈጠራል። ታች የድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ አሸዋና ጠጠር ነው፤ መሐል ላይ ድንጋያማው ገደል፤ ላይ የጫትና የማሽላ ማሳ፣ ከዚያም የሐይቅ ዳር ሣርና ጭቃ። ዝናብ በጣለ ማግስት በዚህ መስመር ጉርጥና እንቁራሪት የፈለገ ሰው መልካቸው ከመሬቱ ጋር ሲሄድ ማየቱ አይቀርም። አሸዋ ላይ ያለው አመድማ ነው፣ ሣር ውስጥ ያለው አረንጓዴ ወይም ባለ ሰንበር፣ ጭቃ ዳር ያለው ደግሞ ከጭቃው ለመለየት ያስቸግራል።

ስማችን ለዚህ ሁሉ ልዩነት አይበቃም። በአማርኛ እንቁራሪት ወይም ጓጉንቸር፣ በኦሮምኛ ራቻ፣ በሶማልኛ ራህ እንላለን፤ ቆዳው ደረቅና ኪንታሮታም የሆነውን ጉርጥ ብለን ከለየን በኋላ ብዙም ወደፊት አንሄድም። በኢትዮጵያ ከ70 በላይ ዝርያዎች የተመዘገቡ ሲሆን ከሦስት አንድ በላይ የሚሆኑት ከዚህ አገር ውጭ አይገኙም። ስም ሲያጥር ሰው መልክ ይይዛል። ስልኩን ይዞ ኩሬ ዳር የወረደ ሰው አንዲት አረንጓዴና አንዲት ቡናማ ካነሳ “ሁለት ዝርያ” ይላል። ደማቅ ካየ “መርዘኛ ናት”፣ ከወትሮው የጠቆረች ካየ “ውሃው ተበክሏል” ይላል። ሦስቱም ድምዳሜዎች ብዙውን ጊዜ አይቆሙም። የእንቁራሪት ቀለም አስቀድሞ የሚናገረው ባለፈው ሰዓት የት እንደተቀመጠች፣ ምን ያህል እንደሞቃት፣ ምን እንደበላችና ከእናት ከአባቷ ምን እንደወረሰች ነው። ዝርያዋን የሚናገረው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ያውም በግማሽ አፍ ነው።

ቢጫ፣ መስታወት፣ ጥቁር

የእንቁራሪት ቀለም የሚመጣው ቆዳዋ ውስጥ ተደራርበው ከተቀመጡ ሦስት ዓይነት ሕዋሳት ነው። ላይኞቹ ቢጫና ቀይ ቀለም የያዙ ናቸው። መካከለኞቹ የራሳቸው ቀለም የላቸውም፤ ጉዋኒን ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠሩ ስስ ዝርግ ክሪስታሎችን ደርድረው ብርሃንን እንደ መስታወት ይመልሳሉ። ታችኞቹ ሜላኒን የተባለውን ጥቁር የያዙ ሲሆኑ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያሉ እጆቻቸውን ወደ ላይ፣ በመስታወቱ ዙሪያ ዘርግተዋል።

ለብዙ ሰው የሚገርመው አብዛኞቹ አረንጓዴ እንቁራሪቶች አረንጓዴ ቀለም የሌላቸው መሆኑ ነው። መስታወቱ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ የሚያደላውን ብርሃን ይመልሳል፤ ላይ ያለው ቢጫ ሰማያዊውን ያስቀረዋል፤ ከዓይናችን የሚደርሰው የቀረው አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ቢጫው በተፈጥሮ የጎደለባት እንቁራሪት ሰማያዊ ሆና ትታያለች። እንዲህ ያለች አንዲት ሰማያዊ እንቁራሪት በአረንጓዴዎቹ መሐል ብትገኝ ሌላ ዝርያ አይደለችም፤ አንድ ድርብ የጎደላት የዚያው ቤተሰብ ልጅ ናት። በአልኮል ተነክረው የኖሩ የቤተ ሙከራ ናሙናዎችም በዚሁ ምክንያት ያሳስታሉ። ቢጫው በአልኮሉ ሟሙቶ ስለሚወጣ በሕይወት ሳለች አረንጓዴ የነበረችው ማሰሮው ውስጥ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ትሆናለች። (ይህ ሕግ የማይሠራባቸውም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ቆዳቸው ብርሃን የሚያሳልፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎች አረንጓዴነታቸውን የሚያገኙት በደማቸውና በአጥንታቸው ውስጥ ከሚከማች ቢሊቨርዲን ከሚባል ንጥረ ነገር እንደሆነ አሳይቷል።)

ከቢጫውና ከቀዩ የተወሰነው ክፍል የሚመጣው ከምግብ ነው። ካሮቲኖይድ የሚባሉትን ቀለሞች እንቁራሪት ራሷ መሥራት አትችልም፤ ከምትበላቸው ነፍሳት፣ ነፍሳቱ ደግሞ ከቅጠል ያገኟቸዋል። በሣጥን ውስጥ አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ እየተሰጣት ያደገች እንቁራሪት ከዱሯ የደበዘዘችው በዚህ ነው።

ሁለት ዓይነት ለውጥ

የቀለም ለውጥ ፈጣንና ዘገምተኛ አለው። ፈጣኑ በደቂቃዎችና በሰዓታት የሚሆነው ነው። በጥቁሩ ሕዋስ ውስጥ ያሉት የሜላኒን ቅንጣቶች ወደ እጆቹ ሲበተኑ መስታወቱን ይሸፍናሉ፣ ቆዳው ይጠቁራል፤ ወደ መሐል ሲሰበሰቡ መስታወቱ ይገለጣል፣ ቆዳው ይነጣል። አዲስ ቀለም አልተሠራም፤ ያለው ቦታ ቀየረ እንጂ። ዘገምተኛው ቀናትና ሳምንታት ይወስዳል። እንስሳዋ ጥቁር መሬት ላይ ከከረመች የሜላኒኑ መጠንና የጥቁር ሕዋሳቱ ብዛት ራሱ ይጨምራል፣ ነጭ ላይ ከከረመች ይቀንሳል። አንዲት እንቁራሪት ቦታ ከቀየረች በኋላ ወዲያው ካልተመሳሰለች ይህን ልዩነት ማሰብ ያስፈልጋል።

ትእዛዙ የሚነሳው ከዓይን ነው። ዓይን ከላይ የሚመጣውን ብርሃን ከመሬቱ ከሚመለሰው ጋር ያወዳድራል። ከላይ ብዙ፣ ከታች ጥቂት ከሆነ መሬቱ ጥቁር ነው ማለት ነው። ያኔ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ሜላኒኑን የሚበትን ሆርሞን ወደ ደም ትለቃለች። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ኬፕ ታውን ውስጥ ላንስሎት ሆግቤን የተባለው ሳይንቲስት ዜኖፐስ በምትባለው የአፍሪካ ውሃ እንቁራሪት ላይ ያጠናው ይህንኑ የዕጢና የቀለም ግንኙነት ነበር። ከበሬ ፒቱታሪ የተወሰደ ፈሳሽ ሲወጋት እንቁላል መጣሏ ታየ፤ ከዚያም የነፍሰ ጡር ሴት ሽንት የተወጋች ዜኖፐስ በሰዓታት ውስጥ እንቁላል ትጥላለች በሚል መንገድ እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ድረስ ሆስፒታሎች እርግዝናን ይመረምሩባት ነበር። የቀለም ጥያቄ ነበር እዚያ ያደረሰው። ዜኖፐስ በኢትዮጵያም ደጋዎች ኩሬና ምንጭ ውስጥ ትኖራለች።

የድሬዳዋ ሙቀት፣ የሐረማያ ብርድ

መሬትን መምሰል ብቸኛው ጉዳይ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ሙቀት ግን ይቃወመዋል። የሐረር ሰው ግድግዳውን በኖራ የሚቀባበትን ጥቅም ያህል፣ የነጣ ቆዳ ፀሐይን ይመልሳል፤ የጠቆረ ቆዳ ይውጣል። እንቁራሪት ደግሞ ቆዳዋ ውሃ የሚያስገባና የሚያስወጣ ስለሆነ ሙቀት ለእሷ ድርቀት ማለት ነው። የሙቀት መለኪያ 35 ዲግሪ በሚያሳይበት ቀን ጥቁር ሆኖ ፀሐይ ላይ መቀመጥ በአጭር ሰዓት ይገድላል።

ለዚህ ጎልቶ የሚጠቀሰው ምሳሌ በኢትዮጵያም የምትገኘው ሃይፐሮሊየስ ቪሪዲፍላቨስ የምትባል የሸምበቆ እንቁራሪት ናት። ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ብትሆን ነው። በበጋ ጭቃ ውስጥ አትገባም፤ ደረቅ የሣር አገዳ ላይ እግሮቿን ሰብስባ በጠራራ ፀሐይ ትከርማለች። ሙቀቱ ሲበረታ ነጭ ትሆናለች። ነጭ የሚያደርጋት መስታወት በዚያ ወራት ይወፍራል፤ የሚወፍረውም ከራሷ ቆሻሻ ነው። በሽንት መውጣት የነበረበትን ናይትሮጅን ውሃ ላለማባከን ወደ ጉዋኒንና መሰል ውህዶች ለውጣ ቆዳዋ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ውሃ ትቆጥባለች፣ በቆጠበችውም ጣሪያዋን ታነጣለች። ከዚህ የተሻለ የቤት አያያዝ ማግኘት ያስቸግራል።

የድሬዳዋ ጉርጦች ግን ሌላ ዘዴ ይዘዋል። ቀን ድንጋይ ሥር፣ ጉድጓድ ውስጥ ወይም የውሃ ቧንቧ በሚያንጠባጥብበት ጥግ ተደብቀው ውለው ሌሊት ይወጣሉ። ለእነሱ ፀሐይ መመለስ ብዙም አያስፈልግም። የሚያስፈልጋቸው አሸዋው ላይ ሳይንቀሳቀሱ ሲቀመጡ አለመታየት ነው፤ ስለዚህ የአሸዋና የጠጠር ጉራማይሌ ይለብሳሉ። ስለ አንድ እንስሳ ቀለም ከመናገር በፊት “ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚወጣው?” ብሎ መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው። ሐረማያ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ብርድ ያደረባት እንቁራሪት ጠዋት ጠቆር ብላ ብትገኝ ሙቀት እየሰበሰበች ሊሆን ይችላል፤ እኩለ ቀን ላይ ያቺው እንቁራሪት ፈዛዛ ልትሆን ትችላለች። ጠዋት አንዷን፣ ቀን አንዷን ያነሳ ሰው ሁለት ዝርያ ያገኘ ይመስለዋል።

የተወረሰው ቀለም

በቅጽበት የማይለወጥም አለ። በኢትዮጵያ ደጋ ሣር ውስጥ የሚኖሩት ፕቲካዴና የሚባሉት ረጅም እግር ያላቸው እንቁራሪቶች አንድ ኩሬ ዳር ጀርባቸው አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ወፍራም ሰንበር ያለበት፣ ቀጭን ሰንበር ያለበት፣ ሰንበር የሌለበት ሆነው ይገኛሉ። ሰንበሩ ጌጥ አይደለም። ከላይ ለሚያይ ወፍ የሣር ቅጠል እያስመሰለ የአካሏን ቅርጽ ለሁለት ይከፍለዋል። በባሌ ተራሮች በምትኖረው ፕቲካዴና ሮቤንሲስ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የዘረ መል ጥናት ይህ ሰንበር አሲፕ ከሚባለው ዘረ መል ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። አሲፕ በአይጥና በሌሎች አጥቢዎችም ፀጉር ላይ የጥቁርና የቢጫ ቀለምን የሚወስን የታወቀ ዘረ መል ነው።

አንዱ መልክ ከሌላው ከተሻለ ለምን አንዱ ብቻ አልቀረም? አንዱ መልስ መሬቱ ራሱ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው፤ ክረምት አረንጓዴ የነበረው ሣር በጥር ገለባ ነው። ሌላው መልስ አዳኙ ነው። ወፍ ብዙ ጊዜ ያገኘችውን መልክ መፈለግ ትለምዳለች፤ የበዛው መልክ ሲለቀም ያነሰው ይተርፋል፣ የተረፈው ሲበዛ ደግሞ ተራው የእሱ ይሆናል። በሰሜን አሜሪካ ፓሲፊክ ዳርቻ በምትኖር የዛፍ እንቁራሪት ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ነገሩን ይበልጥ አወሳስቦታል። ከአንድ ዝርያ ውስጥ ዕድሜ ልክ አረንጓዴ የሆኑ፣ ዕድሜ ልክ ቡናማ የሆኑ፣ እንዲሁም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀያየሩ ተገኝተዋል።

ሐረማያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ከዓመታት በኋላ ውሃ መመለሱ ይህን ጥያቄ የእኛ ያደርገዋል። ውሃው ሲሸሽ አረንጓዴው ዳርቻ ይጠባል፣ የተሰነጠቀ ጭቃና ግጦሽ ይተካዋል፤ ሲመለስ ሣሩና ደንገሉ ይመለሳል። በዓመታት መካከል የአረንጓዴና የቡናማ እንቁራሪቶች ድርሻ ቢቀያየር ትርጉም ያለው መረጃ ነው። ግን መቁጠር እንጂ ማየት አይበቃም። 20 እንቁራሪት ቆጥሮ ግማሹ አረንጓዴ ነው ያለ ሰው ስሕተቱ ወደላይም ወደታችም 22 በመቶ ነጥብ ያህል ነው፤ ማለትም እውነቱ ከ28 እስከ 72 በመቶ የትም ሊሆን ይችላል። 100 ከቆጠረ ስሕተቱ ወደ 10 ነጥብ ይወርዳል። ቆጠራው በየዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ዳርቻ መሆን አለበት። ደግሞም ትንንሾቹን ከትልልቆቹ ጋር መደባለቅ አይገባም፤ ሌፕቶፔሊስ ከሚባሉት የዛፍ እንቁራሪቶች በአንዳንዶቹ ግልገሉ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ያደገው ቡናማ ነው።

መርዝና ብክለት

ደማቅ ቀለም የመርዝ ማስጠንቀቂያ ነው የሚለው ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ ትንንሽ መርዛማ እንቁራሪቶች የመጣ ነው፤ ለእነሱ እውነት ነው። መርዛቸውን የሚያገኙት ከሚበሏቸው ጉንዳኖችና ማይት ከሚባሉ ሸረሪት መሰል ጥቃቅን ተባዮች ስለሆነ በቤት ያደጉት መርዝ የላቸውም፤ ቀለሙ ግን እንዳለ ነው። እኛ ዘንድ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አመድማው ጉርጥ ነው። ከዓይኑ ኋላ ያሉት ሁለት እብጠቶች የልብ ምት የሚያዛባ መርዝ ይይዛሉ። በእጅ መንካት አይጎዳም፣ በነኩበት እጅ ዓይን ማሸት ግን ያቃጥላል፤ ጉርጥ ነክሶ አፉ አረፋ የሚደፍቅ ውሻ ካለ አፉን በብዙ ውሃ ማጠብ ነው። ደማቅም መርዛማም ከተፈለገ በምሥራቅ አፍሪካ ደረቅ ቆላዎች የሚኖሩት ፍሪኖማንቲስ የሚባሉት አሉ፤ የሚለሰልስ ቆዳቸው ቀይ ወይም ሮዝ ሰንበር አለው፣ ፈሳሹም ቁስል ያለበትን እጅ ያሳብጣል።

ስለ ብክለት በደንብ የሚያስተምረው በዩክሬን የኑክሌር ጣቢያ አደጋ የደረሰበት ቼርኖቢል ነው። ተመራማሪዎች ከአደጋው ቀጣና ውስጥና ውጭ ከ12 ኩሬዎች ከ200 በላይ ወንድ የዛፍ እንቁራሪቶችን አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት በቀጣናው ውስጥ ያሉት በግልጽ ጠቁረው ተገኝተዋል። ሆኖም ጥቁረታቸው ዛሬ ካለው የጨረር መጠን ጋር አልተዛመደም፤ የተዛመደው እ.ኤ.አ. በ1986 አደጋው በደረሰ ጊዜ በጣም ከተመቱት ቦታዎች ጋር ነው። ያኔ ሜላኒን የበዛባቸው የተሻለ ስለተረፉ ልጆቻቸው ጥቁረቱን ወርሰዋል የሚል ነው የተመራማሪዎቹ ማብራሪያ። እንግዲህ እዚያ እንኳ የአንዲት እንቁራሪት መልክ ስለ ዛሬው ውሃ ምንም አይናገርም። ሊያሳስበን የሚገባው የታፋና የሆድ ቆዳ መቅላት፣ የቆዳ መላላጥ፣ ስትነካ አለመዝለል ነው፤ እነዚህ የበሽታ ምልክቶች ናቸው።

በሳፋ መፈተን

ፈጣኑን ለውጥ በትምህርት ቤት ግቢ ማሳየት ይቻላል። አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ፣ መጠናቸው እኩል የሆነ የፕላስቲክ ሳፋ ይበቃል። ከዚያው ከኩሬው የተቀዳ ውሃ በ1 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይጨመራል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ቢያንስ 24 ሰዓት በክፍት ዕቃ ካላደረ አይሆንም። ሁለቱ ሳፋዎች ደማቅ ጥላ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ፀሐይ ላይ ከተቀመጡ ጥቁሩ ይግላል፣ ያኔ የሚታየው የመሬት ነው ወይስ የሙቀት ውጤት መለየት አይቻልም፤ በሙቀት መለኪያ የሁለቱ ውሃ ልዩነት ከ1 ዲግሪ እንዳይበልጥ መጠበቅ ነው። አፋቸው በወንፊት ጨርቅ እንጂ በክዳን አይዘጋም። ዓይን የላዩን ብርሃን ከታቹ ጋር ማወዳደር ስላለበት ጨለማ ሙከራውን ያበላሸዋል። በየሳፋው አንዳንድ እንቁራሪት ይገባል፤ እንቁራሪቶቹ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ከቆዩ በኋላ ፎቶ ተነስተው ቦታ ይለዋወጣሉ። መለዋወጡ ካልተደረገ ከመጀመሪያውኑ አንዷ ጠቆር ያለች እንደነበረች ማወቂያ የለም። ሲያበቃ ከተያዙበት ቦታ ይመለሳሉ፤ ከአንዱ ኩሬ ወስዶ ሌላው ውስጥ መልቀቅ አይገባም።

ፎቶው የሚበላሽበት መንገድ ብዙ ነው። የስልክ ካሜራ ቀለሙን በራሱ ያስተካክላል፣ ቢጫ አምፖል ሥር ያለችውን አረንጓዴ ቡናማ ያደርጋታል፤ ፍላሽ እርጥብ ቆዳ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይፈጥራል። ከእንስሳዋ ጎን ቁራጭ ነጭ ወረቀት ማስገባት ብዙውን ይፈታል፤ ኋላ ወረቀቱ ነጭ እስኪሆን ማስተካከል ይቻላል። መጀመሪያ ሳትነካ፣ በተቀመጠችበት መነሳት አለባት፤ እጅ ውስጥ ስትገባ በድንጋጤ መልኳ ሊቀየር ይችላል። ከፎቶው ጋር ሰዓቱ፣ የአየሩ ሙቀት፣ የተቀመጠችበት መሬትና ቆዳዋ እርጥብ መሆኑ ይጻፍ። ዝርያ ለመለየት የሚያስፈልገው ሌላ ነው፤ የወንዱ ድምፅ በስልክ የተቀዳ፣ የኋላ እግር ጣቶች መሐል ያለው ስስ ቆዳ እስከ የት እንደሚደርስ፣ የጆሮ ክብ መጠን፣ የታፋው ውስጠኛ ገጽ። ፕቲካዴናዎችን ግን ባለሙያውም ያለ ድምፅና ያለ ዘረ መል ምርመራ አይደፍርም።

መንካት ግድ ከሆነ ሳሙና፣ ቅባትና የትንኝ መከላከያ በሌለበት፣ በኩሬው ውሃ በረጠበ እጅ ነው። እንቁራሪቶችን በዓለም ዙሪያ የፈጀው የቆዳ ፈንገስ በኢትዮጵያም መኖሩ ስለተረጋገጠ ከሐረማያ ወጥቶ ወደ ኤረር ሸለቆ የሚወርድ ሰው ጭቃውን ከጫማው ማርገፍ አለበት። ከዚያ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና 1 እጅ ከ4 እጅ ውሃ ቀላቅሎ፣ ከውሃው ዳር ርቆ፣ ጫማውንና መረቡን ለ1 ደቂቃ ይንከራል። በረኪና ከሌለ ማድረቅ ነው፤ ፈንገሱ 37 ዲግሪ ሙቀትን ከ4 ሰዓት በላይ አይችልም፣ ለዚያ ደግሞ የድሬዳዋ ፀሐይ አለ።